መርዶ በግሩፕ አይነገርም!

አሁን ከሰልስቱ መመለሴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

እታታን ታውቋታላችሁ። በእጇ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። መሞቷን የሰማሁት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከአንዲት የሰፈሯ ሴት ነው። «ነፍስ ይማር፤ ምነው ቀብር ላይ አላየሁሽም?» አለችኝ። የማን ቀብር? ሴትዮዋ ክው ብላ ቀረች።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ደግሞ ማን ጠበቀኝ? የቤተሰባችን ግሩፕ አድሚን! ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ ገና አልቅሼ ሳይወጣልኝ፣ ጮክ ብሎ «አሁን ነው እንዴ የምትመጪው?» አለኝ።

«ማን ነገረኝ?»

«ግሩፑ ላይ ለጥፈን የለ እንዴ! ሁለት ራይት አለው እኮ። አይተሽዋል።»

አልበቃውም። ስልኩን አውጥቶ ለሽማግሌዎቹ አዞረው። «ይኸው ጋሼ፣ ይዩት! ሌሊት 9 ሰዓት ተለጥፏል።» ጋሼ መነጽራቸውን እንኳ አልያዙም። ግን እኔን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ አንዷ «የዘንድሮ ልጅ!» ስትል ሰማሁ። በእታታዬ ድንኳን ውስጥ ዘመድ የማላውቅ ባለጌ ተደረግኩ።

አድሚን ሆይ፣ ስማ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁለቱ ራይት የሚመጣው ከአባላቱ አንድ ሰው እንኳ ሲያየው ነው። አንድ ሰው! እኔ አየሁት ማለት አይደለም። በማታውቀው ነገር ሰው ፊት አዋረድከኝ።

ቤት ገብቼ ግሩፑን ከፈትኩት። «እታታ አርፈዋል። ቀብር ዛሬ 6 ሰዓት።» በቃ ይኸው ነው። ተራ ቴክስት በእኛ ፊደል ሲጻፍ 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። የእታታ ሞት እሱንም አልሞላም። ከላዩ የሚሸጥ ቦታ ማስታወቂያ አለ። ከሥሩ አንዱ በአበባ ያሸበረቀ «መልካም ቀን» ለጥፏል። ከዚያ «ይህን ጸሎት ለ10 ሰው ላኩ» ይላል። ከዚያ የሚያለቅስ ስቲከር፣ የተጣመሩ እጆች፣ ደግሞ የተጣመሩ እጆች። ይህን ሁሉ የላኩት ሰዎች ስልክ ቁጥሬ አላቸው። አንዱም አልደወለም።

መርዶ እኮ ወግ ነበረው። ጎህ ሳይቀድ ነው የሚመጣው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብህ ይቆማል። ሰው ብቻውን እያለ አይነገረውም። መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪገባ ይጠበቃል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሰፈሩን ሁሉ ይዞራል። አያቶቻችን ያለ ምንም ስልክ ይህን ሁሉ አስበውበት ነበር።

የጎረቤታችንን ልጅ አስታወሳችኋት? ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራዋን? ቤተሰቧ ቀስ ብሎ የሚነግራት ሰው እያፈላለገ ነበር። አንድ ቸኳይ የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ልጅቷ ማዕድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆማ አየችው። የሚይዛት ሰው አልነበረም። ያንን ቀን ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል።

ስልክ ጠላሁ አላልኩም። ጦርነቱ ጊዜ ትግራይ መስመር ተቋርጦ ሰው የወላጁን መሞት ከስንት ወር በኋላ እንደሰማ እናውቃለን። ያን ጊዜ አንዲት መስመር ለማግኘት ምን ያልተከፈለ ነገር አለ? እዚህ ግን ኔትወርክ አለ፣ ካርድ አለ፣ ቁጥሬ አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ቴክስት ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ስንቆይ ማን ቀብር አመለጠው? ሰው ይደውል ነበር፤ ካልሆነም በእግሩ ይመጣ ነበር።

አሁን ሁሉም ነገር እንዲህ ሆኗል። የሰርግ ጥሪ በፎቶ ይላካል፤ ካልሄድክ ትወቀሳለህ። ስወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ስቲከር ስልኬን ሞላው፤ ገንፎውን የበላችው ግን እናቴ ብቻዋን ነበረች። ታማ የተኛች ጓደኛዬ «አይዞሽ» የሚል መዓት ልብ ተልኮላት ውሃ የሚያቀብላት አጥታለች። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። ማንን ተናግሬ እችላለሁ?

እታታ ብትሆን ኖሮ ከሽሮ ሜዳ በእግሯ መጥታ በሬን ታንኳኳ ነበር። መጀመሪያ ትቀመጥ ነበር፣ ከዚያ እጄን ትይዘኝ ነበር።

ከግሩፑ ወጥቻለሁ። አድሚኑ ወዲያው «ለምን ወጣሽ?» ብሎ ጻፈልኝ። አሁንም ጻፈ እንጂ አልደወለም! የአርባዋ ተዝካር መቼና የት እንደሆነ የምታውቁ ዘመዶቼ፣ እባካችሁ ደውሉልኝ። በድምፅ ንገሩኝ።