ላብራቶሪውን ቆልፎ «ልምድ የላቸውም» ማለት ምን ይሉታል?

ሰሞኑን ዩኒቨርሲቲዎችና አምራቾች በተገናኙበት አንድ ውይይት ላይ ነው። አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ኃላፊ ተነሡና የባዮቴክኖሎጂ (ሕያዋን ነገሮችን ለምርትና ለምርመራ የማዋል ሙያ) ተመራቂዎች ፒፔት፣ ያቺን ጥቂት ፈሳሽ የምትለካ ቀላል መሣሪያ፣ እንኳ በወጉ መያዝ አያውቁም አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሻይ ቡና ተባለ።

ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም። ልጆቹ የት ይዘውት ያውቁና? በብዙ ዩኒቨርሲቲ የተግባር ትምህርት ማለት አንዱ መምህር ሲሠራ ሌላው ክፍል ከኋላ አንገቱን አስግጎ ማየት ነው። ሪኤጀንቱ፣ የመመርመሪያው ኬሚካል፣ በውጭ ምንዛሪ ስለሚመጣ «ለተማሪ አይባክንም» ይባላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትማ ተዉት፤ የላብራቶሪው ቁልፍ ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፑ ካርቶኑ ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ቢሆን ከተሰጡ መልሶች መምረጥ ነው፤ እጅ አይፈትንም። የቀረው ተስፋ አፓረንት መውጣት፣ ማለትም ድርጅት ገብቶ በተግባር መለማመድ ነበር። እሱንም በር ላይ የሚመልሱት እነዚሁ ቀጣሪዎች ናቸው።

ምክንያታቸው ደግሞ ጉድ ነው። ተማሪ ካስገባን የምርት ምስጢራችን ይወጣል አሉ ኃላፊው። የምን ምስጢር? ዋናው ንጥረ ነገር ከውጭ ተገዝቶ ይመጣል። የጥራት መመርመሪያው ዘዴ ፋርማኮፒያ በሚባለው የመድኃኒት ደረጃዎች መጽሐፍ ላይ ታትሞ ለዓለም ይሸጣል። ባለሥልጣን ሲመጣ ነጭ ጋዋን አልብሰው፣ ካሜራ አስከትለው ክፍል ለክፍል የሚያዞሩት እነሱው አይደሉም እንዴ? ምስጢሩ ያን ቀን ፈቃድ ወጥቶ ነው?

እስቲ 2012 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ጥር ላይ በኮሮና የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተልኮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ መመርመር ጀመረ። ከዚያማ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ገባበት፣ የሰበታው የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ገባበት፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የዘረመል መመርመሪያ (ፒሲአር) ማሽናቸውን አቧራ እያራገፉ ገቡበት። ነሐሴ ላይ አገር አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ተጀመረ። ያን ሁሉ ናሙና ሲያዘጋጁ፣ የቫይረሱን ዘረመል (አርኤንኤ) ከናሙናው ሲያወጡ ያደሩት እነማን ነበሩ? እዚሁ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ ዛሬ ከሚሳቅባቸው ክፍሎች የወጡ። አጭር ሥልጠና ወሰዱ፣ ጓንት አጠለቁ፣ ሠሩ። ያውም ስሕተቱ በሰው ሕይወት የሚከፈል ሥራ። ያኔ «የሁለት ዓመት ልምድ አምጡ» ብሎ በር ላይ የቆመ አልነበረም። ቸግሮን ነበራ! ሪኤጀንት ቀረበ፣ በሩ ተከፈተ፣ የሚያሳይ ሰው ከጎናቸው ቆመ፤ አለቀ። ችግሩ የልጆቹ ጭንቅላት ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ አገር ጉድ ሆኖ ነበር። ጭንቀቱ ሲያልፍ ግን በሩ ተመልሶ ተዘጋ፤ እኛም ወደ «አያውቁም» ተመለስን።

ባዮቴክኖሎጂ እኛ አገር ገና ነው የሚሉም አሉ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ተቋም እኮ ክትባት አምርቶ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይሸጣል። ቢራ ፋብሪካው ሁሉ እርሾ ያሳድጋል። ሆለታ ላይ በቲሹ ካልቸር፣ ከተክል ቁራጭ በላብራቶሪ የሚባዛ ችግኝ ይፈላል። ሥራው አለ። ሲቪ ይዞ የሄደ ልጅ ግን «ባዮቴክኖሎጂ መስፈርታችን ላይ የለም፣ ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ ነው የሚለው» ተብሎ ይመለሳል። ይህን ዝርዝር ማስተካከል ስንት ስብሰባ ይፈልጋል?

ዩኒቨርሲቲዎቹም ገበያ ሳያዩ ዲፓርትመንት መክፈት ይወዳሉ፤ እሱ እውነት ነው። ቢሆንም ፋብሪካ የላቸውም። ፋብሪካ ያለው ፋብሪካው ነው።

የተፈረመውን ሰነድ አግኝቼ አነበብኩት። «ትስስርን ማጠናከር» በየገጹ አለ። ስንት ተማሪ፣ በየትኛው ላብራቶሪ፣ ለስንት ወር የሚል ግን አንድ መስመር የለም። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ሪኤጀንት ለማስተማሪያ ይሰጥ የሚልም የለም፤ ይወገዳል እንጂ ለተማሪ አይሰጥም ማለት ነው። አፓረንት የሚወጣው ልጅ የታክሲውን ማን እንደሚከፍልለት አልተጻፈም፤ የሠራተኛ ሰርቪስ ላይ ባዶ ወንበር እያለ ከቤተሰቡ እየለመነ ይመላለሳል። ቁጥሩ ይግባ፣ ወሩ ይግባ፣ ከፋዩ በስም ይግባ፤ ሰነዱም እንደገና ይፈረም።