ነርሲንግ ልትጀምሩ ነው? ዝርዝሩ የሚመጣው ከረፈደ ነው

ኧረ በሕግ አምላክ! እዚህ አሜሪካ «ነርሲንግ ትምህርት ቤት ተቀበለኝ» ላለ ሰው ሁሉ የሚታደለው ምክር ያው አንድ ነው፦ ጥሩ ስቴቶስኮፕ ግዛ፣ አናቶሚ ከልስ። ኬክ ይቆረሳል፣ እንኳን ደስ አለህ ይጎርፋል። ከዚያ ጁን መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል ዱብ ይላል። የክትባቱን፣ የምርመራውንና የወረቀቱን ዝርዝር እስከ ኦገስት አሟልታችሁ ፖርታል ላይ ጫኑ፤ ያላሟላ ሆስፒታል ለልምምድ አይወጣም፤ ልምምድ ያልወጣ ደግሞ ኮርሱን ያጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ስድስት ወር የሚፈጅ ክትባት ተቀምጧል። ስድስት ወር በአንድ ወር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሚነግር የለም።

የሚያበግነው ዝርዝሩ ምስጢር አለመሆኑ ነው። ከዓመት ዓመት ብዙም አይቀየርም፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላውም ልዩነቱ ጥቂት ነው። ከማመልከቻው ጋር አንድ ገጽ ቢያያይዙት ምን ይጎድልባቸዋል? ሰዉ ለመግቢያ ፈተናው፣ ለቲስ፣ ወራት ሙሉ ያጠናል፤ 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ፣ ቀላል አይደለም። በእነዚያው ወራት ክንዱን ለመርፌ ቢሰጥ ግን ይኼ ሁሉ ሩጫ ባልመጣ ነበር።

ሄፓታይተስ ቢን እንውሰድ። የተለመደው ክትባት ሦስት መርፌ ነው፤ የመጀመሪያው ዛሬ ከሆነ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። በዚህም አያበቃም፤ ከመጨረሻው መርፌ ከ1 እስከ 2 ወር ቆይቶ ክትባቱ መያዙን የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ፣ ታይተር የሚሉት። ሰባት ስምንት ወር ሄደ ማለት ነው። ሄፕሊሳቭ የሚባለው ክትባት ግን ለአዋቂ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት መርፌ ብቻ ነው። ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ክሊኒኩ ፍሪጅ ውስጥ ያገኘውን ነው የሚወጋችሁ። «ልጅ እያለሁ ተከትቤያለሁ» የምትሉም አትተማመኑ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ክትባት ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው አልወሰደውም።

ምርመራው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ሰርፌስ አንቲቦዲ የሚባለውን፣ ማለትም ሰውነት የሠራውን መከላከያ የሚለካውን ነው፣ ያውም በቁጥር፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አለፋችሁ። ክሊኒኩ ግን ብዙ ጊዜ ሰርፌስ አንቲጅንን ያዛል። አንቲጅን ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ መኖሩን ነው የሚያሳየው፤ ክትባት መያዙን አይናገርም። ስሙ ስለሚመሳሰል ሰው «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ደስ ብሎት ይጭናል፣ ፖርታሉም ይመልስበታል። ሂዱ እንደገና ተቀዱ፣ ሳምንት ጠብቁ። ደሙ ከመርፌው በፊት ይቀዳ፤ ክትባቱ ራሱ ለጥቂት ቀናት አንቲጅኑን ፖዘቲቭ አስመስሎ ሊያሳይ ስለሚችል ያለ ምክንያት ትደነግጣላችሁ። ድሮ ተከትባችሁ ታይተሩ ዝቅ ካለም ሁሉንም ከዜሮ መጀመር የለባችሁም፤ አንድ ማጠናከሪያ ተወግታችሁ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ድጋሚ ትመረመራላችሁ፣ ያኔም እምቢ ካለ ነው ተከታታዩን የምትጨርሱት።

እውነት ሆኖ አንቲጅኑ ፖዘቲቭ ቢወጣስ? የእኛ አገር ሰው ይኼን ፈርቶ ትምህርቱን ጥሎ ይቀራል። ተዉ! የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2012 ባወጣው መመሪያ ሄፓታይተስ ቢ ብቻውን ሰውን ከጤና ትምህርት የሚያስቀር ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ አስፍሯል። የጉበት ሐኪም ያዙ፣ ከትምህርት ቤቱ የተማሪ ጤና ክፍል ጋር በወረቀት ተነጋገሩ፣ ትምህርታችሁን ቀጥሉ።

ቲቢ! ይኼማ ለብቻው ብሶት ነው። አብዛኞቻችን ሕፃን እያለን ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተወግተናል፣ ክንዳችን ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። እዚህ ደግሞ ያው የቆዳ ምርመራ ይደረግልናል፤ ክንድ ላይ ወግተው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ተመልሳችሁ ታስለካላችሁ። ቢሲጂ ይህን እብጠት ሊያስነሳ ይችላል። 10 ሚሊ ሜትር ላይ ደረሰ ተብሎ ፖዘቲቭ ይጻፋል፣ ከዚያ ራጅ፣ ከዚያ ቀጠሮ፣ ከዚያ «ዘጠኝ ወር መድኃኒት ትውጣለህ» የሚል ወሬ። ገና ከመጀመሪያው የደም ምርመራውን ጠይቁ፤ ኳንቲፌሮን ወይም ቲስፖት ይባላል። ቢሲጂ አይረብሸውም፣ ቢሲጂ ለተከተበ ሰው ሲዲሲም ይህኛውን ነው የሚመርጠው። አንድ መቀዳት ነው፣ ለማስነበብ መመላለስ የለም። ትምህርት ቤቱ «ሁለት ደረጃ የቆዳ ምርመራ» ብሎ ቢጽፍም አብዛኛዎቹ የደሙን ይቀበላሉ፤ ኢሜይል ጽፋችሁ መልሱን አስቀምጡት።

ደሙም ፖዘቲቭ ካለ የተኛ ቲቢ ሊሆን ይችላል። የተኛ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ራጁ ንጹሕ ከሆነ ትምህርት አያስቀርም። መድኃኒቱም የድሮው ዘጠኝ ወር ብቻ አይደለም፤ 4 ወር ሪፋምፒሲን አለ፣ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት የሚወሰድም አለ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብልንም ያዳክማል። ይኼን ሳይነግሩ መድኃኒት ሰጥተው የሚሸኙ አሉ፣ ገርሞኝ አያልቅም።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ነገር። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት አንድ ላይ ነው የሚሰጠው፤ ሁለት መርፌ፣ በመሃላቸው ቢያንስ 28 ቀን። አገር ቤት በሕፃንነታችን የተወጋነው የኩፍኙን ብቻ ነበር። የጉድፍ፣ ቺክንፖክስ የሚሉት፣ ክትባትም ሁለት ነው፣ በ4 ሳምንት ልዩነት። እነዚህ ሕያው ክትባቶች ናቸው፣ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ያለባቸው። የኩፍኙንና የጉድፉን በአንድ ቀን ካልወሰዳችሁ በመሃላቸው 28 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። የቲቢ ምርመራውንም በዚያው ቀን አድርጉት፣ አለዚያ 4 ሳምንት ቆዩ፤ ክትባቱ የምርመራውን ውጤት ሊያደበዝዘው ይችላል። ማክሰኞ ኩፍኝ፣ ዓርብ ጉድፍ፣ በሳምንቱ ቲቢ እያለ በየተራ የሚሮጥ ሰው ወሩን እንዲሁ ይበላዋል። ነፍሰ ጡር እነዚህን አትወጋም፤ ከተወጋችሁ በኋላም ለአንድ ወር ማርገዝ አይመከርም።

ስለዚህ አንድ ቀን መድቡና ታይተሩንም ኳንቲፌሮኑንም በአንድ መርፌ አስቀዱ፤ ደሙ ከወጣ በኋላ እዚያው ሄፓታይተሱንና ቲዳፕን፣ ማለትም የመንጋጋ ቆልፍ፣ የትክትክና የዘጊ አናዳውን፣ ጀምሩ። ይህን ማመልከቻ ባስገባችሁበት ሳምንት እንጂ መልስ በመጣ ቀን አይደለም። ኢንሹራንስ የሌላችሁ መጀመሪያ የካውንቲውን ጤና ቢሮ ጠይቁ። በኢሚግራንት ቪዛ የመጣችሁ ደግሞ ለቪዛው ምርመራ ስትከተቡ የተሰጣችሁን የክትባት ወረቀት ፈልጉት፤ ብዙ ሰው ሻንጣ ውስጥ ረስቶት ድጋሚ ይወጋል። የአገር ቤት ካርድ ካላችሁ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። መስከረም 2012 ማለት ሴፕቴምበር 2019 ነው፤ የሚመዘግበው ሰው እንዳለ ከገለበጠው ክትባታችሁ በሰባት ዓመት ያረጃል።

የሲፒአሩ፣ ማለትም ልቡ ለቆመ ሰው ደረት ተጭኖ የመርዳት ሥልጠናው፣ ካርድ ላይ ገንዘብ የሚያቃጥል ብዙ ነው። ኢንተርኔት ላይ በሃያ ደቂቃ የሚሰጠው ሰርተፊኬት አይሠራም። የሚፈለገው በአብዛኛው የአሜሪካ ልብ ማኅበር ለጤና ባለሙያ የሚሰጠው ቢኤልኤስ ፕሮቫይደር ነው፤ ሃርትሴቨር የሚባለው የዚያው ማኅበር ቢሆንም የጤና ባለሙያ ላልሆነ ሰው የተዘጋጀ ነው። ንባቡን ኦንላይን መጨረስ ይቻላል፣ አሻንጉሊቱን ግን በእጃችሁ መጫን አለባችሁ። ካርዱ ለሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው። ለአደንዛዥ ዕፅ የሽንት ምርመራ ደግሞ ሊትር ሙሉ ውኃ ጠጥታችሁ አትሂዱ፤ «ቀጥኗል» ተብሎ ይደገማል። ማሪዋና ሜሪላንድም ዲሲም ተፈቅዷል ብሎ የሚከራከር አለ፤ በፌዴራል ሕግ አልተፈቀደም፣ ሆስፒታሉም የሚያየው እሱን ነው።

የመድኃኒት ሒሳብ ፈተናም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመጣል፣ ብዙ ቦታ ማለፊያው 90 ከመቶ እና ከዚያ በላይ ነው። በሜትሪክ ስላደግን የሚጥለን ፓውንዱ ነው፤ 154 ፓውንድ ለ2.2 ሲካፈል 70 ኪሎ። 0.5 ሲጻፍ ዜሮዋ ከፊት ትኑር፣ ከ5 በኋላ ግን ነጥብ ዜሮ አትጨምሩ፤ 50 ተብሎ ይነበባል።

ስም ደግሞ አለ። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም፣ መንጃ ፈቃድ ላይ የአባት፣ ትራንስክሪፕት ላይ በሌላ ፊደል አጻጻፍ። ላብራቶሪው «ሠላማዊት»ን በአንድ ኤም ጽፎ መታወቂያው ላይ ሁለት ከሆነ ፖርታሉ የሌላ ሰው ውጤት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ደም ከመቀዳታችሁ በፊት በጠርሙሷ ላይ የተለጠፈውን ስምና የልደት ቀን አንብቡ። ውጤቱን ስትጭኑም ስሙ፣ ቀኑ፣ ቁጥሩና የላብራቶሪው መለኪያ አንድ ገጽ ላይ ይታዩ፤ በስልክ ተነስቶ ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶ አይቀበሉም።