ወገን ሆይ፣ ያ ፍላሽ ባካፕ አይደለም

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ አረርቲ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ቤታችሁ ኮምፒውተር ካለ ይህ ተግሳጽ የእናንተው ነው። ቅር ቢላችሁም አንብቡት።

«ባካፕ (ፋይል ቢጠፋ የሚተካ መጠባበቂያ ቅጂ) አላችሁ?» ስትባሉ ሁላችሁም «አለን» ትላላችሁ። «እስቲ አሳዩን» ስትባሉ አንዱ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚዞር ፍላሽ ያወጣል። ሌላው «ዲ ላይ ገልብጬዋለሁ» ይላል። ዲ እኮ ብዙ ጊዜ ሌላ ዲስክ አይደለም፤ ያው አንዱ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ዲስኩ ሲሞት ሲ የሚባለውም ዲ የሚባለውም አብረው ይሞታሉ። ሦስተኛው ከዓመት ዓመት ከኮምፒውተሩ ሳይነቀል የሚኖር ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ ዲስክ) ያሳያል። ሌባ ሲገባ ሁለቱንም ይዞ ይወጣል፤ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ሁለቱንም ይመታል፤ ቫይረስም ሁለቱንም ይበላል። እሳት ደግሞ የኮምፒውተሩን ክፍል ከጓዳው አይለይም፤ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ የሆነውን አትርሱት። የመንዝ ገበሬ ዓመቱ ቢከፋም የዘር ገብሱን ከሚበላው ጋር አንድ ላይ አያስቀምጥም። እናንተ የልጆቻችሁን ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ የሱቃችሁን ሂሳብ ዘሩንም ቀለቡንም አንድ ላይ አጭቃችሁ ትተኛላችሁ።

የእኛ ደጋ ደግሞ ለዲስክ አይመችም። በተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ መካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖሜትር ይለካል። አየሩ ሲሳሳ ማንበቢያውን የሚይዘው ይደክማል፣ ሳህኑን ሊጭርም ይችላል። ስለዚህ አምራቾች በተለመዱት ዲስኮች መግለጫ ላይ ዲስኩ እየሠራ ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይጽፋሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ትተርፋለች። ጓሳ ግን ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ የመንዝ ደጋ ሰዎች ኤክስተርናል ስትገዙ ኤስኤስዲ ግዙ፣ እሱ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም። ቁልቁለቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ጣርማ በር ላይ የቀዘቀዘ ዲስክ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሞቃቱ አየር ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ከቦርሳ እንዳወጣችሁ አትሰኩት፤ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ባለሙያዎች ከቆየ ጀምሮ የሚሠሩበት ደንብ ቀላል ነው፤ ዋናውን ጨምሮ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ሌላ ቦታ። ሌላው ቦታ አዲስ አበባ ያለ ወንድማችሁ ቤት ሊሆን ይችላል። ግን ማን በየሳምንቱ ዲስክ ይልካል? ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጠው ቅጂ የሚሻለው። በየቀኑ ሳትነኩት በራሱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎቻችሁ ትሳሳታላችሁ፣ ያውም በክፉ። ጉግል ድራይቭ ወይም የማይክሮሶፍቱን ዋንድራይቭ ስለጫናችሁ ብቻ ባካፕ ያላችሁ ይመስላችኋል። እነዚህ በተፈጥሯቸው የሚሠሩት ሲንክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነው ሁሉ እዚያም ይሆናል። ልጅ ፎልደር ቢያጠፋ እዚያም ይጠፋል። ፋይል ቆላፊ ቫይረስ፣ ያ በክራክ (ቁልፉ በተሰበረ የተሰረቀ) ፕሮግራም ታዝሎ የሚገባው፣ ፋይላችሁን ቢቆልፍ የተቆለፈው ፋይል በጥሩው ላይ ይጫናል። የጠፋ ፋይል ጉግል ድራይቭ ቅርጫት ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። የአንድ ፋይል የቀድሞ ቅጂዎችም እንዲሁ ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 ቅጂ ነው የሚጠበቁት። ጉዳዩን በሁለተኛው ወር ብትነቁበት የለም። እውነተኛ ባካፕ የትናንቱን፣ ያለፈውን ሳምንት፣ ያለፈውን ወር ለየብቻ ያኖራል፤ ዛሬ ያበላሻችሁት የትናንቱን አይነካውም።

ዋንድራይቭ አንድ ተጨማሪ ተንኮል አለው። ዊንዶውስ 11 ሲከፈት «እሺ» እያላችሁ ስታልፉ ዴስክቶፕና ዶክመንት ፎልደሮቻችሁን ወደ ራሱ ፎልደር ያዛውራቸዋል። ነፃው ቦታ 5 ጊጋ ብቻ ነው፤ ሲሞላ መላክ ያቆማል፣ እናንተ ግን ምልክቱን አታዩም። ተበሳጭታችሁ ስታጠፉት ዴስክቶፑ ባዶ ይሆንና ጩኸት ይነሳል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ዋንድራይቭ በሚለው ፎልደር ውስጥ ዴስክቶፕ የሚል አለ፣ እዚያ ነው። በአጠገቡ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ደግሞ ኮምፒውተራችሁ ላይ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ወደ ኤክስተርናል ከመገልበጣችሁ በፊት ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ሁልጊዜ እዚህ መሣሪያ ላይ ይቀመጥ የሚለውን ምረጡ፤ ምልክቱ ሙሉ አረንጓዴ ክብ እስኪሆን ጠብቁ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ለዩ። ዊንዶውሱንና የተጫኑትን ፕሮግራሞች አትላኩ፣ እነሱ እንደገና ይጫናሉ። ፊልሙንም ተዉት። የሚላከው የእናንተ ብቻ የሆነው ነው፤ ፎቶ፣ የጻፋችሁት፣ ሂሳብ፣ ስካን የተደረገ የቤት ካርታና የትምህርት ማስረጃ። የቴሌግራም ዳውንሎድ ፎልደርንም አትርሱ፤ የዚህ አገር ሰው ግማሽ ሰነዱ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ መዝኑ። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ስንት ጊጋ እንደሆነ ያሳያል። ነፃ የሚሰጡት እነሆ፦ ጉግል 15 ጊጋ፣ ሜጋ የሚባለው ድርጅት 20፣ ማይክሮሶፍት 5፣ ድሮፕቦክስ 2። የጉግሉን 15 ጊጋ ኢሜይሉም ፎቶውም ይካፈሉታል፤ ሲሞላ ኢሜይል መቀበልም ይቆማል። ከሰኔ 2021 በአውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ የጉግል ፎቶስም ነፃነቱ አብቅቷል። ወሰን የሌለው ቦታ የሚሸጡ እንደ ባክብሌዝ ያሉ አሉ፤ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃሉ፣ ያ ደግሞ ብዙዎቻችን ኪስ የለም። ስለዚህ በነፃው ቦታ የሚበቃውን ያህል መርጣችሁ ላኩ። ሰነድ ትንሽ ቦታ ነው የሚወስደው፣ ሆድ የሚሰፋው ቪዲዮ ነው።

ጊዜውንም አስሉ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በባይት፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። 40 ጊጋ ፋይል በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ከ44 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ብታስኬዱት 6 ሌሊት ማለት ነው። በ1 ሜጋቢት እጥፍ ነው። ያውም መስመሩ ሳይቆራረጥ። በስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት ደግሞ የመጫኛ ፍጥነቱ ከማውረጃው በብዙ ያንሳል፤ ዩቲዩብ ያለ ችግር ስለከፈተላችሁ አትታለሉ፣ የመጫኛውን ለብቻ ለኩት። የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው ከባዱ፤ ከዚያ ወዲያ የተለወጠው ብቻ ነው የሚሄደው። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ የመጀመሪያውን ዙር በሌሊት ጥቅል ጨርሱት። የስልክ ሆትስፖትን ዊንዶውስ ሜተርድ (ዳታው የሚቆጠር መስመር) ብሎ ከያዘው ዋንድራይቭ በራሱ ሥራ ያቆማል። «አልላክ አለኝ» የሚባለው ግማሹ ይኸው ነው።

ለእውነተኛው ባካፕ ዱፕሊካቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፎልደር ታሳዩታላችሁ፣ የሚልክበትን ቦታ ትሰጡታላችሁ፣ ሰዓት ትወስኑለታላችሁ። ከመላኩ በፊት በፓስወርድ ይቆልፈዋል፤ አስቀማጩ ድርጅት እንኳ ከፍቶ ማየት አይችልም። ፋይሉን የሚልከው 50 ሜጋባይት በሆኑ ቁርጥራጮች ነው፤ መስመር ሲቆረጥ ያ ቁራጭ ብቻ ከመጀመሪያው ይላካል። መብራትና ኔትወርክ በሚሄድበት አገር 50 ብዙ ነው፤ 10 ወይም 20 አድርጉት። የቆዩ ቅጂዎችን አያያዝ ሲጠይቃችሁ ስማርት የሚለውን ምረጡ፤ የሳምንቱን በየቀኑ፣ የወሩን በየሳምንቱ፣ የዓመቱን በየወሩ አንድ አንድ ቅጂ ይይዛል። የመላኪያ ፍጥነቱንም ገድቡት፣ አለበለዚያ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ጠፋ ብሎ ገመዱን ይነቅለዋል።

ሱቅና ድርጅት ያላችሁ፣ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ክፍት ሆኖ ሳለ ፎልደሩን መገልበጥ ዋጋ የለውም። የተከፈተ ፋይል ወይ ይዘለላል ወይ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይገለበጣል፤ ስትመልሱት አይከፈትም። ከፕሮግራሙ ውስጥ ፋይል፣ ባካፕ ብላችሁ በቀን ስም የተሰየመ አንድ ፋይል አውጡ፣ የሚላከውም እሱ ይሁን። የፒችትሪ ዳታ ብዙ ጊዜ ዶክመንት ውስጥ እንደማይቀመጥም እወቁ፤ ዶክመንትን ብቻ ልኮ የሂሳቡ መዝገብ የቀረበት ድርጅት ብዙ ነው።

በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ጽፋችሁ ያስቀመጣችሁ፣ ማኅበራትና ጽሕፈት ቤቶች በተለይ፣ ፋይሉን ብቻ ብትልኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ገጽ ነው የምታዩት። ፊደሉ በዩኒኮድ፣ ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ ስላልተጻፈ ነው። ወይ የፊደሉን ፋይል ከሰነዱ ጋር ላኩ፣ ወይ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ቢያንስ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አንድ ቅጂ ጨምሩ።

ፍላሽ ይዞ ኮፒ ቤት ለኮፒ ቤት መዞር የማይቀር ነው፤ ሾርትከት ቫይረሱም አብሮ አይቀርም። ፎልደሮቻችሁ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ብታገኙ ፎርማት አታድርጉ! ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቀው ነው ያሉት። የፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ የተደበቁት እንዲታዩ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውም ምልክት እንዲነሳ አድርጉ፤ ከዚያ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። ሾርትከቱን ግን ደግማችሁ አትጫኑት።

ቁልፉን በተመለከተ አንላላም። አካውንታችሁ በስልክ ቁጥር ብቻ የሚከፈት ከሆነ ሲም ሲጠፋ ባካፑም አብሮ ይጠፋል። ጉግል ባለ 8 አሃዝ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ አውጥታችሁ በወረቀት ጻፉ፣ ከካርታችሁ ጋር አኑሩ። የዱፕሊካቲውን ፓስወርድም እንዲሁ። እሱ ከተረሳ የሚያስታውስላችሁ ድርጅት በዓለም የለም። ወረቀቱ ያለበትን ቦታ ከቤት ሌላ አንድ ሰው ይወቅ። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተከፈተ አካውንትን ሊያጠፋ እንደሚችል አሳውቋል፤ «ለባካፕ ብቻ» ብላችሁ የከፈታችሁትን ኢሜይል አልፎ አልፎ ክፈቱት።

በኢንተርኔቱም ብቻ አትመኩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ታውቃላችሁ፤ ያኔ ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ኤክስተርናሉ እንግዲህ ለዚህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስም ቢሆን፣ ሰክታችሁ ገልብጡና ንቀሉት። ከኮምፒውተሩ ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት፣ ሌላ ክፍል፣ ቢቻል ጎረቤት።

የቀረው መሞከር ነው፣ አንዳችሁም የማታደርጉት። በየ3 ወሩ አምስት ፋይል ምረጡ፤ አንድ ፎቶ፣ አንድ ቪዲዮ፣ አንድ የአማርኛ ሰነድ፣ አንድ የሂሳብ ፋይል፣ አንድ የቆየ። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አውርዳችሁ ክፈቱ። በራሳችሁ ኮምፒውተር ብትሞክሩ ፓስወርዱን ኮምፒውተሩ ስለሚያስታውስ የረሳችሁት መሆኑን አታውቁም። ዱፕሊካቲ ላይ ከባካፕ ፋይሎች በቀጥታ መልስ የሚለውን ተጠቀሙ፤ ኮምፒውተሩ ተሰርቆ ቢሆን የምትሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ከጉግል ድራይቭ ትልቅ ፎልደር ስታወርዱ ብዙ ዚፕ ሆኖ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ሁሉም እስኪወርድ ጠብቁና ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ፍቱ፣ አንዱን ብቻ ፈታችሁ «ግማሹ የለም» አትበሉ። ከዚያ የፋይሎቹን ብዛት ከመጀመሪያው ፎልደር ጋር አመሳክሩ፤ ካልገጠመ የጎደለውን ፈልጋችሁ ያልተላከበትን ምክንያት ከፕሮግራሙ የስህተት መዝገብ ላይ አንብቡ።