«ይሠራል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አገር ቤት አንድን ሰው «ፕራግማቲክ ነው» ካልነው ብዙ ጊዜ አቋም የለውም ማለታችን ነው፤ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብል፣ ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ። አሜሪካ ደግሞ ያው ቃል ሙገሳ ነው። አለቃ ስለ ሠራተኛው፣ መራጭ ስለ ፖለቲከኛው «ፕራግማቲክ ነው» ሲል ነገር አያበዛም፣ ሥራ ያስጨርሳል ማለቱ ነው። ስድቡም ሙገሳውም ከአንድ ስህተት የተነሱ ይመስለኛል። ሁለቱም ፕራግማቲዝምን «እስከሠራ ድረስ ሌላው ምን አገባኝ» ብለው ይረዱታል። ፍልስፍናው የሚጠይቀው ግን ከዚህ ይከብዳል፦ የምትናገረው እውነት ከሆነ ምን እናያለን? ሐሰት ከሆነስ? መልሱንም ከሥራው በፊት ተናገር ይላል።

ቃሉ የመጣው «ድርጊት» ከሚለው የግሪክ «ፕራግማ» ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ፣ በማሳቹሴትስ ኬምብሪጅ እየተሰባሰቡ ይከራከሩ በነበሩ ጥቂት ወጣት ምሁራን መካከል ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና 10 ዓመት አልሞላም። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ፣ በዚያ ጦርነት 3 ጊዜ ቆስሏል። «እኔ ብቻ ነኝ ትክክል» የሚል እርግጠኝነት ምን ያህል ደም እንደሚያስከፍል ያየ ትውልድ ነው። ለእኛ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ከመካከላቸው ነገሩን አጥርቶ ያስቀመጠው ቻርልስ ፐርስ ነው። ኬሚስት ነበር፤ በመንግሥት የባሕር ዳርቻ ቅየሳ መሥሪያ ቤትም ለረጅም ዓመታት የመሬትን ስበት በፔንዱለም ሲለካ ኖሯል። በ1878 ባሳተመው ጽሑፍ «ጠንካራ» የሚለውን ቃል ምሳሌ አደረገ። አልማዝ ጠንካራ ነው ስንል ሌላ ብዙ ነገር ቢያሹበት አይጫርም ማለታችን ነው። ከዚህ ፈተና ጀርባ የተደበቀ፣ «ጥንካሬ» የሚባል ሌላ ምስጢር የለም። ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው ወዳጁ፣ ፈላስፋው ዊልያም ጄምስ፣ በ1898 በበርክሌይ ባደረገው ንግግርና በ1907 ባወጣው መጽሐፍ፣ የሐሳብ ዋጋ በተግባር የሚያስገኘው ነው ለማለት «የጥሬ ገንዘብ ዋጋ» የሚል ምሳሌ ተጠቀመ። አለመግባባቱን ያባባሰው ይህ ምሳሌ ነው። ፐርስ ቃሉ ያለአግባብ ሲሠራበት ቢያይ በ1905 የራሱን ሐሳብ «ፕራግማቲሲዝም» ብሎ ሰየመው፤ ስሙ መልከ ጥፉ ስለሆነ ሌባ አይደፍረውም አለ። ለእሱ እውነት ዛሬ ለእኔ የሚጠቅመኝ አይደለም፤ ብዙ መርማሪዎች ሳይታክቱ ቢመረምሩ በመጨረሻ የሚስማሙበት ነው።

ነገሩን መሬት ለማውረድ፣ ውጭ አገር እየኖሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻቸው የአማርኛ ትምህርት የሚያዘጋጁ ወላጆችን ክርክር እንውሰድ። ገሚሱ «ፊደል ይቅደም» ይላል፤ ገሚሱ «ንግግር ይቅደም»። ክርክሩ ዓመት ቢፈጅ አይገርምም፤ «አማርኛ ቻለ» ማለት ምን እንደሆነ ማንም አልተናገረማ። ቃሉን ወደ ድርጊት እናውርደው። አያቱ በስልክ ሲያናግሩት ያለ አስተርጓሚ ተረድቶ መመለስ አንድ ነገር ነው። አይቶት የማያውቀውን አጭር ጽሑፍ አንብቦ ምን እንደሚል መናገር ሌላ ነው። የጠቡ ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ወላጆቹ የሚፈልጉት የተለያየ ነገር ኖሯል።

የቀረውን ሙከራ ይፍታው። ልጆቹን በዕድሜና ቤት ውስጥ አማርኛ በመስማት በሚመጣጠኑ 2 ቡድኖች መክፈል፣ አንዱን በፊደል ሌላውን በንግግር ማስጀመር፣ 10 ሳምንት መጠበቅ። ከመጀመሩ በፊት ግን ምን እንደሚለካ፣ ምን ቢታይ ሐሳብ እንደሚቀየርና መቼ እንደሚወሰን በወረቀት ይጻፍ። ለመለኪያ፣ ልጆቹ የማያውቁት ሰው የተናገረውን የ3 ደቂቃ ድምፅ አሰምቶ 5 ጥያቄ መጠየቅና 10 አዳዲስ ቃላት ማስነበብ ይበቃል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አስተማሪው ራሱ ያስተማራቸውን ቃላት ከፈተነ የለካው ሽምደዳን ነው። አያቷ አብረዋት የሚኖሩ ልጅ አንዱ ቡድን ውስጥ ካለች ውጤቷ የአያቷ እንጂ የዘዴው አይደለም። በየቡድኑ 5 ልጅ ብቻ ካለ የአንድ ልጅ ብልጫ ምንም አያረጋግጥም፤ በሚቀጥለው ወቅት መድገም ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ውጤቱ ካልጣመ በኋላ «እኛ እኮ የፈለግነው ባህላቸውን እንዲወዱ ነው» ብሎ ግቡን መቀየር ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ የሚጻፈው ለዚሁ ነው።

ውጭ አገር የሥራ ቦታ የምቀናበት አንድ ነገር አለ። «አልሠራም» የሚባለው ዕቅዱ ነው፤ ሰውዬው አይደለም። አገር ቤት በብዙ ስብሰባ ላይ «አልሠራም» ማለት «አልቻልክም» ተብሎ ይሰማል። ስለዚህ ያልሠራው ነገር ሪፖርት ላይ «በጥሩ ሁኔታ ተከናውኗል» ይሆንና በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል። የችሎታ ጉድለት አይደለም፤ መሞከርማ እናውቃለን። አዲስ ዘር ያገኘ ገበሬ ማሳውን በሙሉ አይዘራበትም፤ ጥግ ላይ ይሞክረዋል። ፐርስን ሳያነብ ፐርስ የሚለውን ያደርጋል።

የውጭውም ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ የሚለካው ለመቁጠር የሚቀለውን ብቻ ነው። የስልክ አገልግሎት ክፍልን እንይ። ሠራተኛው የሚመዘነው አንዱን ጥሪ በስንት ደቂቃ እንደጨረሰ ከሆነ ጥሪው ያጥራል፣ ቁጥሩም ያምራል። ችግሩ ያልተፈታለት ደንበኛ ግን በማግስቱ ተመልሶ ይደውላል፤ ያም እንደ አዲስ ጥሪ ይቆጠራል። «ሠርቷል» ይባላል። ሌላው የፕራግማቲዝም ፈላስፋ ጆን ዱዊ አጥብቆ ይከራከር የነበረው እዚህ ላይ ነው፦ ዘዴው ብቻ ሳይሆን ግቡ ራሱ በሚያመጣው ውጤት ይፈተን ይላል። በስልኩ ጉዳይ ይህ ማለት የጥሪውን ርዝመት ትቶ፣ ያው ደንበኛ በ7 ቀን ውስጥ ስለዚያው ጉዳይ ደግሞ ደውሎ እንደሆነ መቁጠር ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ አያምርም፤ ሥራውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።