«የሕዝብ ነው» እየተባለ የሚወሰደው የገጣሚ ላብ

ደሴ ውስጥ ስለ ዘፈን ግጥምና ዜማ ባለቤትነት ክርክር በተነሣ ቁጥር ቶሎ የምትመጣ መልስ አለች፦ «የወሎ ሕዝብ ዜማ ነው፤ ባለቤት የለውም።» እንዲህ የሚሉት ሁሉ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አገራቸውን ከመውደድ የሚናገሩት ብዙ ናቸው። ይህች መልስ የስንቱን ገጣሚ እንጀራ እንደዘጋች ሳስብ ግን አንጀቴ ያራል።

እውነት የሆነውን ላስቀድም። አራቱ የዜማ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ባቲን ለመጫወት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። ደራሲው ሳይታወቅ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የኖረውንም ግጥም አንድ ሰው ተነሥቶ የኔ ብቻ ሊለው አይችልም። ዛሬ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ተቀምጦ በአምባሰል ቅኝት አዲስ ዜማ የደረሰ ሰው ግን ዜማው የራሱ ነው። አማርኛ የሁላችን ስለሆነ በአማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ሁሉ የሁላችን አይሆንም፤ ቅኝትም እንደዚያው ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃ ይሰጠዋል። ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሥራውን ማባዛት፣ መተርጎም፣ ለውጦ ማቀናበር፣ ቅጂውን መሸጥና ማከራየት፣ በሕዝብ ፊት መከወን፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማሰራጨት፣ ይህን ሁሉ የመፍቀድም የመከልከልም ሥልጣን የባለመብቱ ብቻ ነው። እያንዳንዱም ለብቻው የሚቆም መብት ነው። ግጥሙን አንዲት ዘፋኝ እንድትዘፍነው የፈቀደ ሰው፣ ሌላው ተነሥቶ በአዲስ ቅንብር እንዲያወጣው ፈቅዷል ማለት አይደለም። እኛ ጋ ግን አንዴ «እሺ» ያለ ሰው ለዘላለም እንደ ሸጠ ይቆጠራል።

ዘፋኙም የራሱ መብት አለው። ሰርግ ላይ የሚዘፍን ሰው የተከፈለው ለዕለቱ ነው። ሲዘፍን ለመቅረጽ፣ የተቀረጸውን ለማባዛትና ለማሰራጨት የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዛሬ ግን የሰርጉ ቪዲዮ ሳምንት ሳይሞላው ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፤ ማስታወቂያ ይገባበታል፤ ገቢው ለቻናሉ ባለቤት ይሆናል። ዘፋኙ ራሱን የሚያየው እንደማንኛውም ተመልካች በስልኩ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመንዙማ ጉዳይ ነው። የወሎ ሊቃውንት በዓረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ ያቆዩት ውዳሴ ለገበያ የተደረሰ አይደለም፤ «ለአላህ ብሎ የሰጠውን ምን ባለቤት ትፈልግለታለህ?» የሚለኝን ሰው አከብረዋለሁ። ነገር ግን በነጻ መስጠትም የባለመብቱ ውሳኔ ነው። ደራሲው ምእመኑ እንዲያዜመው ለቀቀ ማለት፣ ነጋዴ ስሙን ፍቆ እንዲሸጥበት ለቀቀ ማለት አይደለም። አዋጁ ከገንዘቡ መብት ለይቶ የሞራል መብት ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ደራሲው ስሙ ከሥራው ጋር እንዲጠራና ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ እንዳይበላሽ የመጠየቅ መብት አለው። ለመንዙማ ደራሲ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ የሚበልጥ ይመስለኛል።

የገንዘቡ መብት ደግሞ በሞት አይቆምም። ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይዘልቃል። በ1980 ያረፈ ገጣሚ ሥራ እስከ 2030 ባለቤት አለው ማለት ነው። ስለዚህ «ሰውዬው ሞቷል» የሚለው ምክንያት አይሆንም፤ ልጆቹ ምናልባት እዚሁ ሰኞ ገበያ ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ።

ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ የ1996ቱ አዋጅ ለሞራል ጉዳት ካሳ ዝቅተኛውን መጠን 100,000 ብር አድርጎ አስቀምጧል። ነገር ግን ገጣሚው ምን ይዞ ይከራከራል? አብዛኛው ገጣሚያችን ሥራውን የሚሰጠው በቃል ነው፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ በወንድምነት። ሕጉ ደግሞ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ስቱዲዮ፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ለየትኛው አገልግሎትና ለስንት ዓመት እንደተፈቀደ፣ የዩቲዩቡ ገቢ እንዴት እንደሚከፈል የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ሳያስፈርም ቀረጻ መጀመር የለበትም። የደሴና የኮምቦልቻ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ናሙናውን አዘጋጅተው ለስቱዲዮዎችና ለኪነት ቡድኖች ቢያድሉ፣ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስቸኩለው ያለፉት ገጣሚዎች ጉዳይ ነው። የትኛውን ግጥም ማን እንደደረሰ የሚያውቁት የቀድሞ የኪነት አባላትና አዛውንት ናቸው። እነሱ በሕይወት እያሉ ተጠይቀው፣ ቃላቸው ተቀርጾ፣ የደራሲዎቹና የወራሾቻቸው ዝርዝር በዚህ ዓመት መጀመር አለበት።