ቀሃን ሊነጋ ሲል ለኩት

ባለፈው ከሰፈር ሰዎች ጋር ሆነን ስለ ጎንደሩ የቀሃ ወንዝ ሽታ ቅሬታ ይዘን ወደ አንድ ቢሮ ሄደን ነበር። የተሰጠን መልስ አጭር ነው፦ «ውሃው ተመርምሯል፣ ችግር የለበትም።» መቼ? ከየት ተቀድቶ? በስንት ሰዓት? ይህን የሚነግረን አላገኘንም። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያ የሰዓቱ ነገር ነው የከነከነኝ።

ለምን መሰላችሁ? ዓሣም ሆነ ትል የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ፍሳሽ ሲገባ ባክቴሪያ ይረባረብበታል፣ እሱን ሲያብላላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ፍሳሹ እንደ ማዳበሪያም ስለሆነ አልጌ ያበቅላል። አልጌው ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱም መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ ያው አንድ ወንዝ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲለኩት ደህና መስሎ፣ ሊነጋጋ ሲል ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ ሊያፍን ይችላል። በሥራ ሰዓት መጥቶ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ የሄደ ባለሙያ አልዋሸም፤ የወንዙን ክፉ ሰዓት ግን አላየም።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ እንኳ በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ብቻ ነው የሚይዘው። ቆላ ወርዶ ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 9 ገደማ በያዘ። ብዙ ዓሣዎች 5 እና ከዚያ በታች ሲሆን መጨነቅ ይጀምራሉ። በእኛ 7 እና በዚያ 5 መካከል ያለችው 2 ሚሊግራም ብቻ ናት፣ እሷን ለመጨረስ ደግሞ ብዙ ፍሳሽ አያስፈልግም።

ሌሊትና ቀን፣ ክረምትና በጋ ሳይል ወንዙ ውስጥ የሚውል የሚያድር ምስክር ግን አለ። ድንጋይ ገልብጡ። ከከተማው በላይ፣ ውሃው ገና ጥሩ በሆነበት፣ ከድንጋዩ ሥር ጠፍጣፋ፣ ጅራቷ እንደ ሦስት ክር የተሰነጠቀ ትንሽ ነፍሳት ተጣብቃ አገኘን። በጎንና በጎኗ ስንጥቦቿ ይርገበገባሉ። ይቺ እጭ ወራት ውሃ ውስጥ ትኖራለች፣ ኦክስጅን ካጣች ትሞታለች። እሷ ካለች ውሃው ለወራት ደህና ነበር ማለት ነው። ታች፣ የላቫጆውና የየቤቱ ቱቦ ከተቀላቀለ በኋላ ድንጋዩን ስንገለብጥ ያገኘነው ቀይ ትል ብቻ ነው። ቀይ የሆነው እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ በዚያ ትንሿን ኦክስጅን አሟጦ ይኖራል። ሌላው ሁሉ አልቆ እሱ ብቻ ሲቀር ወረቀቱ ምንም ይበል፣ እኔ የማምነው ትሉን ነው።

ላብራቶሪ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ትል ስለ ከባድ ብረት ወይም ስለ በሽታ አምጪ ጀርም ለይቶ አይነግረንም፣ ሰላጣና ጎመን በወንዝ ውሃ የሚያጠጡ ሰዎች ባሉበት ከተማ ደግሞ ይሄ የግድ መታወቅ አለበት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «መሣሪያ ውድ ነው» የሚለው ሰበብ ግን ለትሉ አይሠራም። ወንፊት፣ ነጭ ሳህንና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይበቃሉ።

ደግሞ ነገሩ እዚህ አያበቃም። ቀሃም ሌላው ወንዛችን አንገረብም ወደ መገጭ ወንዝ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ ወደ ጣና ሐይቅ። በፈረንጆቹ 2011 እንቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በዚሁ በእኛ በኩል፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። እንቦጭ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው፣ እነሱም ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከሳሙናና ከሽንት ቤት ይመጣሉ። ሰው እጁ እስኪላላጥ አረሙን ነቅሏል። እኛ ከላይ እያበላነው። በዓለም ላይ ጣና ብቻ ያሉ የዓሣ ዝርያዎችም አሉ፣ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ያን ጠጠር ሲሸፍነው እንቁላሉ ይታፈናል። ደለሉን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ የምንጠጣውን የአንገረብን ግድብ እየሞላው ነው።

ሕጉ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችን ነው ይላል፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለን ቁጥሩ ነው፣ ሁሉም የሚያየው ቁጥር። በየወሩ ቢያንስ ሦስት የታወቁ ቦታዎች ላይ፣ አንዱን ጊዜ ሊነጋ ሲል፣ ይለካ። ውጤቱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ።

የመጀመሪያውን መለኪያ ደግሞ ጥር ላይ ብናደርገው እላለሁ። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከዚሁ ከቀሃ ነው፣ ልጆቻችን ዘለው የሚገቡትም እዚያው ውስጥ ነው። ውሃው ወደ መዋኛው ከመጠለፉ በፊት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቀሃ ዳር እንገናኝ። ወንፊቱን እኔ አመጣለሁ።