መጀመሪያ እንስማቸው የሚል ሰው

በናይጄሪያ ኤዶ ግዛት ስለሚኖረው የኤሳን ሕዝብ ባህላዊ ዳኝነት የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ኦኖጂዬ ስለሚባለው ንጉሥ ብዙ ብሏል። እኔን የያዘኝ ግን ታች መንደር ውስጥ ያለው ነው። ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ በቤተሰብ ይታያል። እዚያ ካልበረደ ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ይሄዳል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ቦታውን የሚያገኘው በሀብት ሳይሆን በዕድሜ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ለእንግዳና ለጉባኤ የሚቀርበው መራራው የኮላ ፍሬ ይቀርባል፣ ይጸለይበታል፣ ተቆርሶ ለተቀመጠው ሁሉ ይደርሳል። ከዚያ ሁለቱም ወገን ይናገራሉ። እውነቱ አልወጣ ካለ መሐላ ይመጣል። በቅድመ አያቶች ፊት በሐሰት መማል ደግሞ ቀልድ አይደለም።

አያቴን አስታወሱኝ። ሽምግልና ተቀምጠው አንዱ ተበሳጭቶ ሲነሳ መሬቱን በከዘራቸው መታ መታ ያደርጉና «ቁጭ በል ልጄ፣ የጀመርከውን ጨርስ» ይሉት ነበር። ሰውየው ይቀመጣል።

ጽሑፉ ያልነካው አንድ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 እዚያው ኤሳን ምድር፣ ኡሮሚ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ለኢድ ወደ ሰሜን ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ 16 ያህል ሰዎች በመንጋ ተገደሉ። አዳኞች ነበሩ። የአደን ጠመንጃ ስለተገኘባቸው ጠላፊዎች ናችሁ ተባሉ። ቃላቸውን የሚሰማ ጉባኤ አላገኙም፤ በመንገድ ላይ ተፈረደባቸው። የኮላውን ሥርዓት የሚያውቅ አገር ላይ ይህ መሆኑ በጣም ያሳዝናል። እባካችሁ፣ ቀጣዩ ጽሑፋችሁ የኡሮሚ ሽማግሌዎችን ስለዚያ ቀን ይጠይቅልን።